አውራ አምባን ጎብኝተን ያየነውና የተማርነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ ክቡርነት ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በየዓመቱ በሚገባ ተናግረዋል። ስለዚህ እኛ በእግራችን ረግጠን በዓይናችን ያየነውን፣ ከዚያም በኋላ እስከ ዛሬ ስንከራከርበት የቆየነውን አንድ ነገር ብናቀርብ ይሻላል ብለን አሰብን። ይኸውም በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረ ሰብ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት የጣናን ገዳማትና የጎንደርን አብያተ መንግሥት ለማየት ከሁለት መምህራን ጋር ከአዲስ አበባ ተነሣን። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ በደብረ ማርቆስ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። ይህን መንገድ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው እናሳጥረዋለን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በምንሄድበት ቀን ግን ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን በደብረ ታቦር መንገድ ጥቂት ብንሄድ ልናየው የሚገባ መንደር እንዳለ ነገሩን። ከመካከላችን የፋሲል ግንብን የምናይበት ሰዓት ያጥርብናል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ቢሆንም የመምህር ቃል ጸናና ታጠፍን። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሯል። ከአስፋልቱ ወጥተን በኮረኮንች መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዝን አውራ አምባ ደረስን። መንደሩ ከባሕር ዳር ሰባ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ስለዚህ ማኅበረ ሰብ ምንም ያልሰሙ ስለሚኖሩ ታሪኩን ባጭሩ እንናገራለን። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር ይባላል። አባትና እናት አብረው እርሻ ውለው ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ያርፋል፤ እናት ግን እህሉን ትፈጫለች፣ ወጡን ትሠራለች፣ የአባትን እግር ታጥባለች፤ ጉድለት ከተገኘባትም ትሰደባለች፣ ትመታለች። ደግሞም ሰው ሁሉ የአንድ ፈጣሪ ፍጥረት ሆኖ ሳለ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የሚለየው ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ልጁ አእምሮው ታውኳል አሉ። እርሳቸውም ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከቤት ወጥተው፣ አሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ከአገር አገር ዞሩ። በመጨረሻም በ1964 ዓ.ም. ሃያ ከማይሞሉ ተከታዮቻቸው ጋር ይህን መንደር መሠረቱ።

ነገር ግን አዲስ ልማድ ያለ መከራ አይተከልም። በዙሪያው ያለው ሕዝብ እንደ ባዕድ ቆጠራቸው። ኋላም በደርግ ዘመን የመንግሥት ተቃዋሚዎች ናቸው ተብለው ስለ ተወነጀሉ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ እጅ ገብቶ አገኙት። ለመላው መንደር የቀራቸው ዐሥራ ሰባት ሄክታር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት የሕዝባቸው ቍጥር ወደ አምስት መቶ ስለ ተጠጋ፣ በዚህ መሬት ላይ አርሶ መኖር የማይቻል ሆነ። ሽመናን፣ ወፍጮንና ንግድን የያዙት ከዚህ የተነሣ ነው። እኛም ይህን ስንሰማ፣ ያየነው ሽመና ለጎብኚ ማሳያ የተዘጋጀ ጌጥ ሳይሆን ርስት ያጣ ሕዝብ የዳነበት ሙያ መሆኑን ተረዳን።

አሁን ወዳየነው እንመለስ። በመግቢያው ላይ ለእንግዳ የተወሰነውን ጥቂት ገንዘብ ከከፈልን በኋላ አንዲት ወጣት እየመራች ታሳየን ጀመር። ንግግሯ የረጋ ነበር፤ ስንጠይቃት አትቸኩልም፤ ለወንዱም ለሴቱም እኩል ትመልሳለች። አስቀድማ የወሰደችን ወደ ሽመናው ቤት ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው፤ ያውም ሸማኔ በሙያው ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ቤት ግን ሴቶች ከሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያስወነጭፉ፣ ወንዶች ደግሞ በእንዝርት ሲፈትሉ አየን። አንድ ሽማግሌ ጥጡን እያባዘቱ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጫወቱ ነበር። በመስክም ሴት እርፍ ጨብጣ እንደምታርስ፣ ወንድም እንጀራ እንደሚጋግር ነገሩን። ከጓደኞቻችን አንዱ እየሳቀ፣ «እንጀራው ዓይን ይወጣለታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መሪያችን እንጀራ ዓይን የሚያወጣው በሊጡና በምጣዱ ሙቀት እንጂ በጋጋሪው ጾታ አለመሆኑን ነገረችው። ሁላችንም ሳቅን፤ ጠያቂው ግን ከሁላችን ይልቅ ሳቀ።

ከዚያም ወደ አንድ መኖሪያ ቤት አስገቡን። መደቡ፣ መቀመጫው፣ የዕቃ መደርደሪያው ሁሉ ከጭቃ ተሠርቶ በጥሩ ሁኔታ ተለስኗል። ምድጃው በጭቃ ተሸፍኖ ጭሱን በማውጫ በኩል ወደ ውጭ ይልከዋል። እኛ ስለ ምድጃ ይህን ያህል የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በገጠር እናቶቻችን ዓይናቸው የሚጠፋው፣ ደረታቸውም የሚታመመው በጭስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አገር የሚያደንቀውን ትልልቅ ሥራ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ የእናቱን ጭስ ከቤት የሚያስወጣ ግን ጥቂት ነው።

ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት፣ የሕፃናቱን ማስተማሪያና ቤተ መጻሕፍቱንም አየን። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር የሚሠሩት ገቢያቸውን እኩል እንደሚካፈሉ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ግን የግድ የዚህ ማኅበር አባል እንዳልሆነ አስረዱን። ከሳምንቱ አንዱ ቀን ለደካሞችና ለችግረኞች መርጃ የሚሆን ሥራ የሚሠራበት ነው። ቤተሰብ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስቦ ይመካከራል፤ በዚህም ስብሰባ ልጅ አባቱን ሊነቅፍ፣ ሚስትም ባሏን ልትጠይቅ ትችላለች። ሴት ልጅ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ወንድም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አያገቡም፤ ለሠርግም ድግስ አይደገስም። ስርቆት፣ ውሸት፣ ስድብና ድብድብ የተነወሩ ናቸው፤ ልመናም እንዲሁ። መጠጥ፣ ሲጋራና ጫት በመንደሩ የሉም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም የሚያመሰግነው ነው። ክርክር የተነሣው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው። ማታ በማረፊያችን ተሰብስበን መምህራኖቻችን ባሉበት እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን፤ ክርክሩንም እንደ ነበረ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን።

የመጀመሪያው ስለ ሃይማኖት ነበር። አውራ አምባዎች በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም፣ በዓል ብለውም ሥራ አይፈቱም። ጸሎታቸው መልካም ሥራ እንደሆነ ይናገራሉ። እኛ ቀኑን በጸሎት ጀምረን በጸሎት የምንዘጋ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ስለሆንን ይህ ነገር ከበደን። አንዳንዶቻችን፣ ዛፍ ያለ ሥር አይቆምም፤ እምነት የሌለው ደግነትም ለጊዜው ያብባል እንጂ አያፈራም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ዛፍ ከፍሬው ይታወቃል፤ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌን ሲጦሩ፣ ሌባን ሲያርሙ አይተናል ብለን መለስን። በዚህ መካከል አንደኛው መምህራችን የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 2 እና ምዕራፍ 4 እንድናነብ አዘዙን። በዚያም የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ሀብታቸውን ሁሉ በጋራ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ያካፍሉ እንደ ነበር ተጽፎ አገኘን። በአገራችንም በአንድነት ገዳማት መነኮሳት አብረው ሠርተው ከአንድ ማዕድ ይመገባሉ። ስለዚህ የጋራ ኑሮ ለሃይማኖታችንም ለአገራችንም እንግዳ አለመሆኑን ተስማማን።

ይሁን እንጂ ከሴቶቹ ጓደኞቻችን አንዷ ተነሥታ የተናገረችው ነገር ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወደ ክብራን ገብርኤል ስንሄድ፣ ገዳሙ ሴት የማይገባበት ስለሆነ ሴቶቹ በጀልባው ላይ ቀርተው ነበር። እርሷም፣ «የገዳሙን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ለመነኮሳት የተሠራ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መነኩሴ ሚስትና ልጅ የለውም። የጋራ ኑሮ የሚከብደው ባልና ሚስት፣ ልጅና አማት ባሉበት ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች የሞከሩት ከባዱን ነው» አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ቃል በቂ መልስ የሰጠ ከመካከላችን የለም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ለቅሶ ነበር። በአውራ አምባ ሰው ሲሞት ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ተዝካርም፣ ብዙ ቀን የሚቆይ ሐዘንም የለም። ከጓደኞቻችን አንዱ በዚያው ዓመት እናቱን ቀብሮ ነበር። ዕድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ምግብ እያመጣ፣ ሰው እየተተካ አብሮት ባይሰነብት ኖሮ ከአባቱ ጋር በዚያ ባዶ ቤት እንዴት እንደሚያድር እንደማያውቅ ነገረን። ሌላው ደግሞ በገጠር ላሉ ዘመዶቹ ለተዝካር በሬ ተሸጦ፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ተበልቶ፣ ሐዘንተኞቹ በብድር ሲማቅቁ ማየቱን አወሳ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የእኛ ፍርድ ይህ ሆነ፦ ሬሳን ተከትሎ ቤትን የሚያፈርስ ድግስ ቢቀር መልካም ነው፤ ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ ግን ሥራ መፍታት አይደለም፣ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በዚህ ከአውራ አምባ ልማድ እንለያለን፤ ካንድ መንደር ስለ ተማርን የግድ ሁሉን እንቀዳለን ማለት አይደለምና።

ሦስተኛው፣ እንዲህ ያለው ማኅበር ሊጸና ይችላልን የሚለው ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስን በኋላ በዚህ ነገር መጻሕፍት አገላበጥን። ሮበርት ኦዌን የተባለ የዌልስ ተወላጅ ባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1825 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ ኒው ሃርመኒ የምትባለውን መንደር ገዝቶ ሰዎች በእኩልነት እንዲኖሩባት አደረገ። ያ ማኅበር ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ተበተነ። ብዙ የሚናገርና ብዙ የሚከራከር ሰው ሲሰበሰብ፣ ሙያ ያለው ሠራተኛ ግን አንሶ ነበርና ነው። በገሊላ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመችው ደጋኒያ፣ የኪቡጾች ሁሉ መጀመሪያ የምትባለው፣ ከዚያ ይልቅ እጅግ ብዙ ዘመን ኖራለች፤ ሆኖም እርሷ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 የእኩል ክፍያን ሥርዓት ትታ ሰው እንደ ሥራው እንዲከፈለው ወስናለች። አውራ አምባ ደግሞ ስደትን አልፋ ሃምሳ ዓመት ተሻግራለች። ከዚህ የምንረዳው፣ ማኅበርን የሚያጸናው የመሥራቹ አሳብ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የአባላቱ የዕለት ሥራ መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ድሩ ግን አስቀድሞ መፈተል አለበት፤ የሚፈትለው እጅ የማን ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ ወደ ገዛ ቤታችን ይመልሰናል። እኩልነትን የሚቃወም ሰው ዛሬ በከተማችን ብዙ አይገኝም። በሕገ መንግሥት ተጽፏል፣ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተስሏል፣ በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። አውራ አምባዎች ግን አሳቡን የሥራ ተራ አደረጉት፤ ዛሬ ማን ይጋግራል፣ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃኑን ማን ይይዛል ብለው አካፈሉት። የእነርሱ ትምህርት በእኛ ዓይን ይህ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ትንሽ አይደለም።

ከጉዞው መልስ የክፍላችን ተማሪዎች ሁላችን ለአንድ ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መኝታ ድረስ በቤት የሠራነውን ሥራ በወረቀት ላይ እንድንጽፍ ተስማማን። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ያለ ስም ሰበሰብንና በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጠፍናቸው። ስም ባይኖርም የቱ የወንድ፣ የቱ የሴት እንደሆነ ከሩቁ ይታወቅ ነበር። ባንደኛው ዓይነት ወረቀት ላይ «ዳቦ ገዛሁ፣ አጠናሁ፣ ኳስ አየሁ» ይላል። በሌላው ላይ ሽንኩርት መላጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ የታናሽ ወንድምን ልብስ ማጠብ፣ ቡና ማፍላት፣ ዕቃ ማጠብ ተዘርዝሮ፣ ጥናት የሚለው ቃል ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። አንዷማ ከወረቀቱ ግርጌ፣ «መብራት ጠፋ፤ አላጠናሁም» ብላ ጽፋለች።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ይህን የምንናገረው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። እናንተ ለእኛ የደከማችሁትን የምናውቀው እኛ ነን። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡልን። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ፈተና ወንድምና እህት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ የተሰጣቸው ሰዓትም እኩል ነው። ለጥናቱ የተሰጣቸው ማታ ግን እኩል አልነበረም። ልጃችሁ ሙያ ትማር ማለታችሁ ተገቢ ነው፤ ሙያ ሰውን ያኮራልና። ልጃችሁስ፣ ወንዱ፣ ያው ሙያ ለምን ይቅርበት? ነገ ብቻውን በሰው አገር ሲኖር ተርቦ እንዳያድር ሽሮ መሥራት ቢችል ምን ይጎዳዋል?

በትምህርት ቤታችንስ ምን ተደረገ ብትሉ፣ ክፍል መጥረግ የሴቶች፣ ወንበር መሸከም የወንዶች የነበረው ልማድ ቀርቶ፣ በስም ፊደል ተራ ሁሉም ሁሉንም እንዲሠራ የክፍላችን ጉባኤ ወሰነ፤ መምህራኖቻችንም ፈቀዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርጊያው ጥግ ጥጉን ይስታል፣ ወንበሩም ይጎተታል ተብሎ ተሳቀ። በሁለተኛው ወር የሚስቅ ጠፋ። በአንዳንዶቻችን ቤት ደግሞ የዕቃ አጠባ ተራ በግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሌሎቻችን ቤት አያት ተቈጥተው ወረቀቱን ቀድደውታል፤ ተራው ግን በቃል ቀጥሏል።

ከጉዟችን በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከእኛ በኋላ ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ተማሪዎች ያን ጉዞ ማድረግ አልቻሉም። ስለዚህ ነው ያየነውን በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ጽፈን ልንተውላቸው የወደድነው። የሸማው ቤት ድምፅ፣ የረጋችው መሪያችን፣ ጥጥ የሚያባዝቱት ሽማግሌ ዘወትር ይታሰቡናል። ሰው በሰው ላይ በሚነሣበት ጊዜ፣ ባዕድ ተብለው አንድ ጊዜ ከቀያቸው የተሰደዱ ሰዎች የሰውን ልጅ ሁሉ ወንድምና እህት ብለው መቀበላቸው እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ውድ ታናናሾቻችን፣ ይህ ትምህርት ቤት ከእኛ በኋላ የእናንተ ነው። መጥረጊያውን ስትረከቡ ተራውንም አብራችሁ ተረከቡ። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ሄዳችሁ እዩ፣ በነገሩ ባትስማሙም ተከራከሩበት። ለእኛም ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሥራ በምንበተንበት ጊዜ የተማርነውን በቤታችን መጀመር እንድንችል በጸሎታችሁ አስቡን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥ።